ከችፑዱ ማዶ የነበረችው ሴት

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንዲት የልብ ወዳጅ ነበረችኝ። መልኳን አላውቀውም፣ ስሟንም አልነገረችኝም። የእኛን ክፍል ከጎረቤታችን ከፖስተኛው ክፍል ከሚለየው ስስ የችፑድ ግድግዳ ማዶ ሆና በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ታወራለች። እኔ በዚህኛው ማዶ ጀርባዬን ለችፑዱ ሰጥቼ፣ እግሬን ወለሉ ላይ ዘርግቼ እሰማታለሁ።

የምንኖርበት ቤት ባለ አንድ ፎቅ ረጅም ቤት ነበር። አከራዩ ትልልቆቹን ክፍሎች ለሁለት ለሁለት ከፍሎ ሲያከራይ ስለ ዓይን እንጂ ስለ ጆሮ የተጨነቀ አይመስለኝም። ጎረቤት ሲያስነጥስ እዚሁ ቤታችን ተቀምጠን «ይማርህ» እንላለን፣ እሱም እዚያው ሆኖ «ያኑራችሁ» ይላል። ሰው እንዲህ ተቀራርቦ እየኖረ ግን በር የሚያንኳኳ አልነበረም። ድምፁ ከተሰማ ሰውየው ደህና ነው ማለት ነው፣ ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ?

እናቴ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላና ጋዋን ትተኩሳለች። አባቴ ሰዓት ሰሪ ነው። ሁለቱም የሚገቡት ዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአንገቴ ባንጠለጠልኩት ቁልፍ ከፍቼ እገባለሁ፣ በታዘዝኩት መሠረት ከውስጥ እቆልፋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለነው እኔና ሰዓቶቹ ብቻ ነን። አባቴ ጠግኗቸው «እስኪ ትንሽ ይፈተኑ» እያለ የሚያመጣቸው የግድግዳ ሰዓቶች ነበሩ። አንዱ አስር ሲል ሌላው ሰባት ይላል። ሰው በተጣሉ ዘመዶች መሀል ያድጋል፣ እኔ ደግሞ በተጣሉ ሰዓቶች መሀል አደግሁ። ትክክለኛውን ሰዓት የማውቀው ፖስተኛው በሩን ሲከፍት ነው።

ፖስተኛው እንለዋለን እንጂ ደብዳቤ ሲያድል ያየው የለም። ፖስታ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ቴምብር ላይ ማኅተም የሚመታ ሰው ነበር። ይገባል፣ ወንበሩ ሲጥ ይላል፣ አንድ ነገር ትንሽ እንደ ማንጎራጎር ይላል፣ ከዚያ እሷ ትጀምራለች።

«ጀመረ? ጀምሯል እንዴ? ውይ፣ ምን ልበል? አንተ ንገረኝ እንጂ፣ እንዲህ አታፍጥብኝ። እኔ'ኮ ወሬ የሚያልቅብኝ ሰው አይደለሁም፣ ይሄን ነገር አፌ ላይ ስትደቅንብኝ ነው። ሽንኩርት ጥጄ ነው የመጣሁት… ይኸው፣ አረረ። አንተ አይሸትህም? አፍንጫህን ለማን አዋስከው? በቃ አጥፋው። አጥፋው አልኩህ።»

ይህን ነው የምትለው። ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። አንባቢ ሆይ፣ ልጅቷ እንዴት አልገባትም ትል ይሆናል። ምኑ ይገርማል? የኔም እናት በየቀኑ ያንኑ ነበር የምትለው፦ ጫማሽን አውልቂ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ደብተርሽን አምጪ። ትልልቅ ሰዎች ያላቸው ወሬ ያችው ናት ብዬ አምኜ ነበር። አፏ ላይ የሚደቀነው ነገር የመድኃኒት ማንኪያ ነው ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ ታማለች። ስለዚህ ነው ከቤት የማትወጣው፣ ስለዚህ ነው ደረጃው ላይ አይተናት የማናውቀው። ታማ የተኛች ሴት ሽንኩርት እንዴት ትጥዳለች የሚለውን አልጠየቅሁም። ብልጥ ነኝ ባይ ነበርኩ እንጂ ብልጥ አልነበርኩም።

«ምን ልበል?» ስትል እኔ ቀስ ብዬ «የፈለግሽውን» እላታለሁ። «አንተ አይሸትህም?» ስትል «ኧረ ይሸተኛል» እላታለሁ። እውነትም ይሸተኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ የዩኒፎርሜን ቁልፍ እየተከለች ሳለ «እማዬ፣ የፖስተኛው ሚስት ዛሬም ሽንኩርት አሳረረች» አልኳት።

መርፌዋ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሷ።»

እናቴ ችፑዱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ከግድግዳ ማዶ የሰማሽውን እዚያው ግድግዳው ስር ትተሽው ነው የምትነሺው። ለማንም አታወሪም። ለአባትሽም።»

«ለምን?»

«ለምን የለውም። የአባትሽ ምላስ እንደ ሰዓቶቹ ናት፣ ሲሞሏት አትቆምም።»

እኔ ከዚህ የተረዳሁት ሴትየዋ የተደበቀች መሆኗን ነው። ከምን እንደተደበቀች አላውቅም፣ ግን እኔና እናቴ ጠባቂዎቿ ነን። ያን ሌሊት በኩራት ነው የተኛሁት። እናቴ ግን ሁሉን ታውቅ ነበር። ሰውየው የገባ ሰሞን መጥረጊያ ልትመልስለት በሩ ላይ ቆማ ሳለ የሴት ድምፅ ሰምታ፣ «እንግዳ አለዎት እንዴ?» ብትለው፣ «የለም እመቤት፣ ባለቤቴ ናት፣ አምና ነው የቀበርኳት» ብሏት ነበር።

አንድ ረቡዕ ቀን በሩ ተከፈተ፣ ወንበሩ ሲጥ አለ። ጀርባዬን አስደግፌ ጠበቅሁ። «ጀመረ?» የምትለኝ ጠፋች። በምትኩ ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ… የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ጸጥታ። ደግሞ ቀጭ… ቀጭ። ደግሞ ጸጥታ። ሐሙስም እንዲሁ። አርብ ዕለት አፌን ወደ ችፑዱ አስጠግቼ «እትዬ» አልኩ። «እትዬ፣ ደህና ነሽ?» ከሰዓቶቹ አንዱ ያለ ሰዓቱ ዘጠኝ ጊዜ ደወለ።

እሁድ ጠዋት ፖስተኛው በራችንን አንኳኳ። እንዲያ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፏል።

«ግባ እንጂ ፖስተኛው» አለው አባቴ። «ደጅ የቆምከው ቴምብር እስክንለጥፍብህ ነው?»

ገባ። ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። የኪስ መዝገበ ቃላት የምታህል ጥቁር የብረት ሣጥን ናት።

«የኮምፒውተሬ ሀርድ ዲስክ ነው» አለ። «ውስጡ ያለው ሁሉ ቢጠፋ ግድ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ፣ አንዲት ትንሽ ነገር። ኮምፒውተር የሚሠራው ሰውዬ ዲስኩ ሞቷል፣ ጣለው አለኝ።»

«ሕመሙ ምንድን ነው?»

«ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይልና ይቆማል።»

የአባቴ ፊት በራ። «ቀጭ ቀጭ የሚል ነገርማ የኔ ነው» አለ። «ኮምፒውተር ሠሪ ምን ያውቃል?»

ሣጥኗ ውስጥ የነበረውን አሁን ልንገራችሁ፣ እኔ ያን ቀን ባላውቀውም። የፖስተኛው ሚስት ጸሐፊ ነበረች። መሥሪያ ቤቷ አሮጌ ኮምፒውተሮች ሲያስወግድ አንዱን ከነማይክሮፎኑ ይዛ ገባች፣ ባሏም ይሠራ እንደሆነ ሊሞክር ማይክሮፎኑን አፏ ላይ ደቀነባት። የተቀዳው አርባ ሰከንድ ያህል ነው። ፎቶዋ ነበረው፣ ልብሷም ነበረው፣ ድምፅዋ ግን በዓለም ላይ ያለው እዚያች ሣጥን ውስጥ ብቻ ነበር። ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ እንደሚቻል የነገረው ሰው የለም። እኔ ሣጥኗንና ወዳጄን በፍጹም አላገናኘኋቸውም። ለእኔ አንድ የተበላሸ ዕቃ መጣ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ጠፋች። ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው።

አባቴ እጁን በሳሙና ታጠበ። ነጭ ጨርቅ አነጠፈ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ። የሣጥኗ ብሎኖች ጥርሳቸው እንደ ኮከብ ስለነበር አንዷን ካቻቢቴ በሞረድ እየሞረደ ልክ እስክትገባ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከክዳኑ ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ከሦስታችን ያነበበው የለም። ከተከፈተ አበቃለት ነበር የሚለው።

ክዳኑ ሲነሣ አባቴ ትንፋሹን ዋጠ። «አቤት ሥራ» አለ ለራሱ። ውስጡ ክብ መስተዋት ነው። እንደዚያ ያለ ጥርት ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ፊታችንን አየንበት፤ አባቴ ባለ አንድ ዓይን፣ እኔ ጥርሰ ወላቃ፣ ፖስተኛው ደግሞ ጺሙን ያልተላጨ። ከመስተዋቱ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀጭን ክንድ ተጋድማለች።

«ይኸው፣ ተጣብቃ ነው» አለ አባቴ። በወረንጦ ነካ አደረጋት። ተንቀሳቀሰች። ከዚያ አንዲት ብናኝ አየ መሰለኝ፣ ከንፈሩን አሞጠሞጠና እፍ አለባት።

አባቴ በሃያ ዓመት ውስጥ እፍ ሳይልበት የዘጋው ሰዓት አልነበረም። እፍ ማለት ለእሱ ፊርማው ነው። በቅርቡ ይህን ታሪክ ለሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ባጫውተው ጭንቅላቱን ያዘ። በዚያ መስተዋትና በክንዷ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት የሰውን ፀጉር ውፍረት እንደማያክል፣ ከትንፋሽ የሚወጣው ጠል እዚያ ላይ ጎርፍ እንደሆነ አስረዳኝ። «ሳትከፍቱት ብትሰጡን'ኮ» አለኝ፣ ያኔ እሱ ገና እንዳልተወለደ ረስቶ፣ «ክንዷን ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ቀይረን፣ ያለውን በሙሉ እንገለብጥላችሁ ነበር።»

ያን እሁድ ግን ፖስተኛው ፈገግ ብሎ ነው የወጣው። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ ብረት በብረት ላይ የመጎተት ያህል አንድ ረጅም ክርርር ሰማን። አባቴ ጆሮውን ወደ ችፑዱ አዘንብሎ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ቀጭ የሚለውም ቀረ።

ፖስተኛው ፈቃድ ወስዶ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደ። እንዲህ ያለውን ዲስክ የሚያስነሡ ሰዎች እዚያ አሉ ተብሎ። በአራተኛው ቀን ሲመለስ ደረጃው ላይ ከአባቴ ጋር ተገናኙ። እኔ ከላይ ሆኜ በብረቱ መደገፊያ መካከል አያቸዋለሁ።

«ምን አሉህ?»

«አፋቸውን ሸፍነው፣ ነጭ ለብሰው ነው የሚያዩት። አቧራ የማይገባበት ክፍል አላቸው።»

«እና?»

«የመስተዋቱ ገጽ ተፍቋል፣ ከዚህ ወዲያ አይገኝም አሉኝ።»

አባቴ መደገፊያውን ያዘ። ቆይቶ «ማን ከፈተው አላሉህም?» አለ።

«ብለውኛል።»

«ምን መለስክላቸው?»

«ከእጄ ወድቆ ተከፈተ አልኳቸው።»

አባቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ልብሱ እንዳይቆሽሽ መሐረብ ሳያነጥፍ የትም የማይቀመጥ ሰው ነበር። ፖስተኛውም ከጎኑ ተቀመጠ፣ እናም በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ሚስቱ ነገረው። እኔ የያዝኩት ቁርጥራጩን ነው፦ «እሷ»፣ «አስራ አንድ ሰዓት ላይ»፣ «አጣኋት እንግዲህ»።

በእኔ ጭንቅላት ነገሩ ወለል ብሎ ታየ። ሴትየዋ አምልጣለች። ትልቁ ከተማ ድረስ ሄዶ ፈልጎ አጥቷታል። ማን ነው አፉ ላይ እየተደቀነበት፣ እየተፈጠጠበት የሚኖር? ሄዳ በጎ አደረገች አልኩ። ግን ሳትሰናበተኝ በመሄዷ ሆዴ ባባ። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ችፑዱ ስር መቀመጤን አልተውኩም። ማንም ስለማያወራ እኔው የእሷን ማውራት ጀመርኩ። በእሷ ድምፅ፣ እሷ በምታቆምበት እያቆምኩ፣ ለሰዓቶቹ። «ጀመረ? ጀምሯል እንዴ? ውይ፣ ምን ልበል?»

አባቴ ከዚያ ወዲህ ሱቁን ቀደም ብሎ መዝጋት አብዝቶ ነበር። አንድ ቀን ሲገባ አላየሁትም፣ መለዋወጫ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

የእናቴን ትእዛዝ አስታወስኩና አፌን ገጠምኩ።

«ነይ» አለኝ። እጄን ይዞ የፖስተኛውን በር አንኳኳ።

የፖስተኛው ክፍል ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ። ኮምፒውተሩ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አለ። የሴት ጫማ የለም፣ የመድኃኒት ማንኪያ የለም፣ የሽንኩርት ሽታም የለም። ጠቅልላ ሄዳለች።

«ልጄ ሰምታታለች» አለ አባቴ። ድምፁ እንደ ተማሪ ድምፅ ነበር። «በግድግዳው በኩል። አንድም ሳታስቀር ታውቀዋለች። በይ ንገሪያቸው።»

ፖስተኛው ወንበሩን ለአባቴ ሰጥቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱ ከፊቴ እኩል እስኪሆን ጎንበስ አለ። «እውነት ሰምተሻታል የኔ ልጅ?»

ዓይኖቹ አፍጥጠዋል። እንዲህ አታፍጥብኝ የምትለው ይህን ነው አልኩ በልቤ።

«አልሰማሁም።»

«አንቺ ልጅ» አለ አባቴ።

«ተዋት፣ አታስፈራራት» አለ ፖስተኛው። «ሌላውን ተይው። አንዲት ነገር ብቻ ንገሪኝ። አጥፋው ካለች በኋላ፣ ከመቋረጡ በፊት፣ አጭር ድምፅ አለ። ሳቅ ነው ወይስ ሳል ነው? እኔ ብዙ ጊዜ ሰምቼው መለየት አቃተኝ። ካንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

ምልክቷን እየጠየቀኝ ነው ብዬ አሰብኩ። የምታስል ሴት መፈለግና የምትስቅ ሴት መፈለግ ይለያያላ።

«ምንም አልሰማሁም። ግድግዳው ወፍራም ነው።»

ፖስተኛው ችፑዱን አየው። በጣት ሲመቱት የሚንቀጠቀጠውን ችፑድ። «ልክ ነሽ የኔ ልጅ» አለ። «ወፍራም ነው።»

አባቴ አልተቆጣኝም። ቤታችን ገብቶ ሰዓቶቹን ሁሉ ሞላ፣ አንድ በአንድ፣ የተሞላውንም ጭምር። በዚያው ወር ፖስተኛው ዕቃውን ጠቅልሎ ለቀቀ። ዕቃው በአንድ ጋሪ ተጭኖ ቦታ ተረፈው። በምትኩ ሕፃን ያላቸው ባልና ሚስት ገቡ፣ ከችፑዱ ማዶ ለቅሶ ብቻ ሆነ።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ ሃያ አራት ዓመቴ ላይ፣ አንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘን ስናጥፍ ነው። አባቴ ያኔ አርፏል። እንደ ዋዛ አንሥታ እንደ ዋዛ ነገረችኝ። እኔ አንሶላውን ለቀቅሁት።

ፖስታ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ጡረታ ወጥቷል። አንዲት አብራው ትሠራ የነበረች ሴት ቤቱን ጠቆመችኝ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ፤ አርጅቷል፣ ጺሙን ግን ዛሬም አልተላጨውም።

«ጋሼ፣ የሰዓት ሰሪው ልጅ ነኝ።»

አጥንቶ አየኝ። «ወፍራሙ ግድግዳ» አለ።

አስቀመጠኝ። ሻይ ሊያፈላ ሲነሣ ያዝኩት። «ሰምቻት ነበር» አልኩት። ከዚያ ከ«ጀመረ?» እስከ «አጥፋው አልኩህ» ያለውን ሁሉ አልኩለት። ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ሰማኝ፣ ስጨርስም ቀና አላለም።

«ቃሉንማ እኔም አልረሳሁትም» አለ። «መጨረሻውስ?»

«ሳቅ ነው።»

«ሐኪሞቹ ሳንባዋ መታመም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው አሉኝ። ሳል ከሆነ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ሳልሰማት ቀረሁ ማለት ነው።»

«ሳቅ ነው ጋሼ። እኔ'ኮ እዚያ ላይ ስትደርስ አብሬያት እስቅ ነበር። በየቀኑ። በሳል ላይ ሰው ይስቃል?»

አሁን ቀና አለ። «አንቺ ነበርሽ?»

«ምኑ?»

«እሷ ስታበቃ ከማዶ ሳቅ እሰማ ነበር። ሰውዬው አበደ ብላችሁ የምትስቁብኝ መስሎኝ…» አልጨረሰውም። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ለዚያ ነው'ኮ ቤቱን የለቀቅሁት።»

ማድጋው ላይ የተደፋው ጣሳ፣ መስኮቱ ላይ የምትራመድ ዝንብ፣ ይህ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ከዚያ «እስኪ እንደዚያኔው ሳቂልኝ» አለኝ።

ሞከርኩ። ሽማግሌ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየ በትእዛዝ ሳቅ ከየት ይመጣል? ከጉሮሮዬ አንድ አጭር ነገር ወጣ፣ ሳቅ ይሁን ሳል እኔም አላወቅሁትም።

ፖስተኛው አንገቱን ነቀነቀ።

«እሱ ነው» አለ። «እሱ ነው እንጂ።»